የተጨመቀ ሞላና የሊማሊሞ ቁልቁለት

ለባለመኪና ምክር

አንባቢዬ ሆይ! ከጎንደር ተነሥተው ወደ ሰሜን የሚሄዱ እንደ ሆነ፣ መንገዱ በወገራ ደጋ ላይ የገብሱንና የባቄላውን ማሳ እያቋረጠ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ላይ ዳባት ያደርስዎታል። ጥቂት ቀጥለው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ደባርቅ ይገባሉ። እስከዚህ ድረስ ያለው ጉዞ መኪናዎን ብዙ አያስጨንቃትም። ከደባርቅ አልፈው ጥቂት እንደ ሄዱ ግን ምድሩ በድንገት ያልቅብዎታል። ሊማሊሞ ከፊትዎ ተንዶ ይታያል። መንገዱም እንደ እባብ እየተጠማዘዘ፣ ገደሉን አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ እያሳየ፣ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል።

ይህ በር የጥንት የነጋዴ በር ነው። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲመጣ የወጣው በዚሁ በሊማሊሞ ነበር። ለመኪና የሚሆነውን መንገድ ገደሉን ፈልጠው ያወጡት ግን ጣሊያኖች ናቸው፤ ዘመኑም አገራችንን በወረሩባቸው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ከመኪናው ጋራ የሙያው ቋንቋም አብሮ መጣ። ዛሬ በየጋራዡ የምንናገራቸው ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ጎሚኒ የሚባሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ቃላቱን አብዛኞቻችን እናውቃቸዋለን፤ ነገሩን የምናውቅ ግን ስንቶቻችን ነን? የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ነው፤ ይኸውም የደከመ የመኪና ሞላንና ሾክ አብዞርበርን በገዛ ደጃፍ ስለ መለወጥ።

ዳባት ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። እርሱና ታላቅ ወንድሙ ገንዘብ አዋጥተው፣ ዕድሜዋ ከእርሱ ዕድሜ ብዙ የማያንስ አንዲት ትንሽ ቶዮታ ገዝተዋል። እናታቸው የሚኖሩት ከሊማሊሞ በታች አዲ አርቃይ ነው። ልጆቹም ለመስቀል ወርደው ሊያመጧቸው አስበው ነበር። ነገር ግን መኪናይቱ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር እንደ ጣና ታንኳ ትወዛወዛለች፤ ፍሬን ሲያዝባትም አፍንጫዋ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ጋራዥ ሄደው ቢጠይቁ የተነገራቸው የእጅ ዋጋ የወር ደመወዙን ግማሽ የሚበላ ሆነ። በዚህ ጊዜ ወዳጄ፣ «መፍቻ አለኝ፤ ክሪክ አለኝ፤ ቅዳሜም ዕረፍት ነኝ። እኔው እለውጠዋለሁ» ብሎ ተነሣ። እኔም ለጥየቃ ሄጄ ስለ ነበር መፍቻ አቀባይ ሆኜ ዋልሁ። ከዚያች ቅዳሜ የተማርሁትን ነው እንግዲህ የማካፍልዎ።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንረዳው። ሞላና ሾክ አብዞርበር ጎን ለጎን ቢኖሩም ሥራቸው የተለያየ ነው። የመኪናይቱን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ሞላ የሚያጥረው ወይም የሚረዝመው በላዩ ባረፈው ኃይል ልክ ነው። ሸክሙ ሁለት እጥፍ ቢሆን ማጠሩም ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሸክሙ ሲነሣለት ደግሞ የተቀበለውን ኃይል ይመልሳል። ሞላ ማለት ብድሩን የማያስቀር ባለዕዳ ነው። ጎማው ድንጋይ ሲረግጥ የተቀበለውን ምት መልሶ ወደ ላይ ይሰጣል፤ መኪናይቱም ትዘላለች፤ ስትወርድ እንደገና ትጫነዋለች፤ እርሱም እንደገና ይመልሳል።

ይህን ዝላይ የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ነው። ውስጡ ዘይት የተሞላ ቱቦ ሲሆን፣ በቱቦው ውስጥ ዘንግ ያለው ክዳን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ክዳኑ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ እንዲያልፍ ይገደዳል። በዚህም የዝላዩ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ በአየር ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ተጉዘው ሲቆሙ ሾክ አብዞርበሩን ቢዳስሱት ይሞቃል። ዘይቱ ፈስሶ ያለቀ እንደ ሆነ ግን ሞላው ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ብዙ ሰው ይህን የምቾት ጉዳይ አድርጎ ይገምተዋል። «ትንሽ መንገጫገጭ ምን አለበት? ከፈረስ ይሻላል» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፍሬን መኪናን የሚያቆመው ጎማው መሬት እስከ ረገጠ ድረስ ብቻ ነው። ሾክ አብዞርበሩ የሞተባት መኪና ጎማዋ በየኮረቱ ላይ እየነጠረ መሬቱን ይለቃል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ ምንም ጤነኛ ቢሆን አየር ላይ ያለ ጎማ አያቆምም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የመኪናይቱ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የፊቱ ሞላና ሾክ አብዞርበር ከወትሮው የበለጠ ይሸከማሉ። በሊማሊሞ ጥምዝ ላይ አንድ ክንድ ቀድሞ መቆምና አንድ ክንድ አልፎ መቆም ምን ያህል እንደሚለያዩ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ታዲያ የእርስዎ መኪና ታማሚ መሆኗን በምን ያውቃሉ? ሜዳ ቦታ ላይ አቁመው በአንዱ ማዕዘን በኩል ኮፈኑን በሁለት እጅዎ ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አድርገው ይልቀቁት። አንድ ጊዜ ተነሥታ ጸጥ ካለች ደኅና ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ ከተወዛወዘች ሾክ አብዞርበሩ ሞቷል። ይሁን እንጂ ይህ ፈተና የሞተውን እንጂ በመሞት ላይ ያለውን ሁልጊዜ አይለይም። ስለዚህ ጎንበስ ብለው ቱቦውን ይመልከቱ፤ አቧራ በዘይት ርሶ ጭቃ የመሰለ ነገር ከለበሰ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው። ጎማውንም ይዳስሱ፤ እዚህም እዚያም እየዘለለ የተበላ ከሆነ ምልክት ነው። በመጨረሻም ከመሬት እስከ ጎማው ሽፋን ጠርዝ ያለውን ቁመት በግራና በቀኝ ይለኩ፤ አንዱ ወገን በጉልህ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሞላው ደክሟል ወይም ተሰብሯል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ይህ ሥራ በቤት ይሠራል ወይስ አይሠራም? መልሱ እንደ መኪናዋ ዓይነት ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የኋላው ሾክ አብዞርበር ከሞላው ተለይቶ ለብቻው የቆመ ነው። እንዲህ ያለውን ታጋሽ ጀማሪ ሁሉ ሊለውጠው ይችላል። የአይሱዙና የሃይስ የኋላ ባሌስትራ ግን ከባድ ስለ ሆነና ብርቱ መሣሪያ ስለሚፈልግ ለጋራዥ መተው ይሻላል። በእነዚህ መካከል ያለው የትናንሽ መኪኖች የፊት እግር ነው። በዚህ አሠራር ሾክ አብዞርበሩ በሞላው ውስጥ ቆሞ ሁለቱ እንደ አንድ ዕቃ ታስረዋል። አሠራሩ አርል ማክፈርሰን በተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ስም ይጠራል፤ የፎርድ ኩባንያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1949 እስከ 1951 ድረስ ባወጣቸው መኪኖች ላይ ከታየ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። ቀላል፣ ርካሽና ቦታ የማይፈጅ ነው። አደገኛነቱም እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ወዳጄ የሠራው የፊቱን ነበር። ሥራው በተራ እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ መኪናይቱን ጠንካራና ሜዳ በሆነ መሬት ላይ ያቁሙ። ክረምት ያረሰረሰው የደጋ አፈር ክሪክን ይውጣል፤ ስለዚህ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ያስገቡ። የጎማውን ብሎኖች ገና መሬት ላይ ሳለ ጥቂት ላላ ያድርጓቸው።

ሁለተኛ፤ በክሪክ አንሥተው የመኪናይቱን አካል በብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉ። ክሪክ የማንሻ ዕቃ እንጂ የመቆሚያ ዕቃ አይደለም። በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር ራስዎንም እጅዎንም አያስገቡ። የተደራረበ ብሎኬትም አይታመንም፤ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛ፤ ጎማውን ያውልቁ። በሾክ አብዞርበሩ ላይ የታሰረውን የፍሬን ቱቦና ሽቦ በጥንቃቄ ይፍቱ። ከታች ያሉትን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ከመፍታትዎ አስቀድሞ አቀማመጣቸውን በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ በኋላ ሲገጥሙ ይጠቅምዎታል። የዛገ ዳዶ በጉልበት አይታገሉ፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ቀብተው ጥቂት ይታገሡት። ብሎኖቹ ሲወጡ ጎማ ተሸካሚው ብረት ወደ ውጭ ይወድቃል፤ የፍሬኑን ቱቦ እንዳይጎትተው በሽቦ ደግፈው ይሰሩት።

አራተኛ፤ ኮፈኑን ይክፈቱ። ከላይ በክብ የቆሙ፣ በአብዛኛው ሦስት የሆኑ ትናንሽ ዳዶዎች ያያሉ። በመካከላቸው አንድ ትልቅ ዳዶ አለ። የሚፈቱት ሦስቱን ብቻ ነው። የመካከለኛውን አይንኩ!

ወዳጄ የደረሰው እዚህ ላይ ነበር። ሦስቱ ዳዶዎች ዝገው እምቢ ስላሉት፣ «ይህ ትልቁ ከተፈታ ሁሉም ይለቅ የለምን?» ብሎ መፍቻውን በመካከለኛው ላይ አሳረፈ። አንድ ዙር አዞረ። ሁለተኛውን ሊያዞር ሲል ጎረቤቱ የሆኑት፣ በሹፍርናና በመካኒክነት ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ ሽማግሌ በአጥሩ በኩል አዩት።

«ልጄ፣ እጅህን አንሣ! ፊትህንም ዘወር አድርግ!» አሉ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ወዳጄ ደንግጦ።

ሽማግሌው በበሩ ዞረው ገቡና መፍቻውን ከእጁ ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ዝግ ብለው፣ «ሞላውን እታች አስሮ የያዘው ይህ ዳዶ ብቻ ነው። ብርቱ ኃይል ተጨምቆ እዚህ ሥር ተቀምጧል። ዳዶውን ስትጨርሰው ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወጣል። የሚወጣውም ወደ ፊትህ ነው» አሉት።

እኔ የተማርሁ ነኝ ባይ በወረቀት ላይ ብደምረው ሽማግሌው አልተሳሳቱም። አንዲት ትንሽ መኪና አንድ ሺህ ኪሎ ያህል ብትመዝን፣ ሞተሩ ከፊት ስለሆነ ከግማሽ በላይ የሆነው ክብደት የሚያርፈው በፊቱ ሁለት ጎማ ላይ ነው። መኪናይቱ በጎማዋ በቆመች ጊዜ ለእያንዳንዱ ሞላ ከሁለት ኩንታል ተኩል እስከ ሦስት ኩንታል ይደርሰዋል ማለት ነው። ከመኪናው ወጥቶ እጅ ላይ ያለ ሞላም ከነሾክ አብዞርበሩ እስከ ታሰረ ድረስ ኃይል ቋጥሮ እንደ ያዘ ነው። ሞላው ብድሩን የማያስቀር ባለዕዳ ነው ብዬዎት አልነበረምን? በተሳሳተ ሰዓት የተፈታ እንደ ሆነ ዕዳውን የሚከፍለው በመንጋጋዎ ላይ ነው።

ወዳጄ ላብ በላብ ሆኖ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቃቸው። እርሳቸው የመለሱለት ምክር የዚህ ጽሑፍ እምብርት ነው፤ ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ልብ ይበሉ።

በመጀመሪያ የላላውን የመካከለኛ ዳዶ መልሰው አጠበቁት። ሦስቱን ትናንሽ ዳዶዎች ዘይት ቀብተው ካቆዩ በኋላ ፈቷቸው፤ ዕቃውም እንዳለ፣ ሞላው እንደ ታሰረ ወረደ። «ይህን አንተ መሥራት ትችላለህ፤ ሠርተኸዋልም። ሞላውን ከሾክ አብዞርበሩ መለየት ግን የሞላ መጭመቂያ ይፈልጋል። እሱን አንተም የለህም፤ እኔም የለኝም። ሁለቱንም እግሮች በጆንያ ጠቅልለህ መጭመቂያ ወዳለው ጋራዥ ውሰዳቸው። እነሱ ሞላውን ይለውጡልህ፤ መልሰህ የምትገጥመው አንተ ነህ» አሉት። እንዲሁም ሆነ። ጋራዡ የጠየቀው ለዚያች ለአንዲት ሥራ ብቻ ስለ ነበር ዋጋው መጀመሪያ ከተባለው እጅግ ያነሰ ነበር። ገንዘቡም ተረፈ፤ ፊቱም ተረፈ።

መጭመቂያው ያለዎትና የሚያውቅ ሰው ከጎንዎ ያለ እንደ ሆነ አሠራሩ ይህ ነው። ሁለቱን የመጭመቂያ ክንዶች በሞላው ግራና ቀኝ ትይዩ አድርገው ይስቀሏቸው። አንዱን ጥቂት፣ ሌላውን ጥቂት እያፈራረቁ ያጥብቁ። ሞላው ከመቀመጫው ለቆ በእጅ መንቀሳቀስ ሲጀምር ብቻ የመካከለኛው ዳዶ ይፈታል። በማንኛውም ሰዓት ፊትዎና ደረትዎ ከሞላው ጫፍ ትይዩ አይሁኑ። መንጋጋው ያረጀ፣ ጥርሱ የተበላ መጭመቂያ ካዩ ይመልሱት። ሞላን በገመድ ወይም በሽቦ አስሮ መፍታት የሚሉትን ዘዴ የሚመክርዎ ቢኖር አመስግነው ይለዩት።

አዲሱን ሲገጥሙ የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በተሠራለት እርከን ላይ በትክክል መቀመጡን ይዩ። ከላይ ያለው ጎሚኒና ኩሽኔታ ካረጀ አብሮ ይለወጥ፤ ይህን ለመቆጠብ ብለው የተዉት እንደ ሆነ ያንኑ ሥራ በቅርብ ጊዜ ይደግሙታል። ብሎኖቹ የሚጠብቁበት ልክ በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ነው። ልኩን የሚያሳይ መፍቻ ከሌለዎት ከሚያውቁት ጋራዥ ያስጠብቁት። ደግሞም ሾክ አብዞርበርና ሞላ እንደ ጫማ ጥንድ ናቸው፤ የግራው ከተለወጠ የቀኙም መለወጥ አለበት። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ መኪናይቱ በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ትሳባለች።

ስለ ዕቃው ግዢም አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ያለው ወዳጅዎ ከመኪና የወለቀ አሮጌ ሾክ አብዞርበር በርካሽ ሊልክልዎ ይችላል። ያገለገለ ሞላ ካልተሰበረና ካልዛገ ቁመቱን ከጥንዱ ጋራ ለክቶ መግዛት ይቻላል። ያገለገለ ሾክ አብዞርበር ግን የውስጡን ዕድሜ ከውጭ ማየት ስለማይቻል የተደበቀ ዕጣ እንደ መግዛት ነው። ሌላም ልማድ አለ፤ መኪናን ከጉድጓድና ከድንጋይ ለማራቅ ሲባል ከሞላው ላይ የጎማ ወይም የብረት ቁራጭ ጨምሮ ከፍ ማድረግ ነው። ከፍ ያለች መኪና ድንጋይ ታልፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ክብደቷም አብሮ ከፍ ስለሚል ጥምዝ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች። ከደባርቅ በላይ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጭነቅ በሚወስደው የስሜን ተራሮች ፓርክ ጠጠር መንገድ ላይ ወይም በሊማሊሞ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምናልባት «ይህን ሁሉ ከምደክም ብሸጣትና ሌላ ብገዛ አይሻልምን?» ይሉ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታውሱ። አነስተኛ ደመወዝ ላለው ሰው ያለችውን መኪና በሚገባ መያዝ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ተገቢ ነው። በየዓመቱ ለቦሎ በሚደረገው ምርመራ ለማለፍ ብቻ ብለው ግን አያድርጉት። መርማሪው መኪናዎን የሚያያት በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ሊማሊሞ ግን በወረዱ ቁጥር ይመረምራታል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ወዳጄ ወዲያው ቁልቁለት አልወረደም። በዳባት ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ነዳት፤ በማግሥቱ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አያቸው፤ ከዚያም ጎንደር ወስዶ የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ አስተካከለ። የፊት እግር ከተፈታ በኋላ ይህ ሊቀር አይገባም፤ አለዚያ ጎማው ባንድ ወገን ይበላል። በመስቀል ዋዜማም ሁለቱ ወንድማማቾች በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ሳያግሉ፣ ዝግ ብለው ሊማሊሞን ወረዱ። በማግሥቱ እናታቸውን ከፊት ወንበር አስቀምጠው ወጡ። እናትየዋ ደባርቅ ሲደርሱ፣ «ይህቺስ እንደ ሰጋር በቅሎ ናት፤ አላንገላታችኝም» ብለው መረቋቸው አሉ። ስለ ዳዶው ነገር ግን እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም።

አንባቢዬ ሆይ፣ አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። በገዛ እጅ መሥራት የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ደመወዝ ይቆጥባል፣ እጅንም ያስተምራል። ነገር ግን ብልህ ሠራተኛ ማለት ሁሉን የሚፈታ ሳይሆን፣ የትኛውን ዳዶ እንደማይነካ የሚያውቅ ነው። ያልገባዎት ብሎን ፊት የደረሱ እንደ ሆነ መፍቻውን አስቀምጠው በአጥሩ በኩል ያሉትን ሽማግሌ ይጥሩ። በሚመጣው ሳምንት እስክንገናኝ መንገዱን የቀና ያድርግልዎ።